አብራሪውን አታጣድፉት

ወገኖቼ፣ በክረምት ጠዋት ጉም ወርዶ በረራ ሲዘገይ በመጠበቂያው አዳራሽ የምታወርዱትን ስድብ ተዉ። «ፓይለቱ ፈርቶ ነው» ትላላችሁ። ፈርቶ ከሆነ እሰየው! የሚፈራው ምን እንደሆነ ብታውቁ አትቆጡም ነበር።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጥ ጆሮውና በአካሉ ስሜት ነው። ከሁሉም ዓይን ይበልጣል፤ አድማሱን እያየ የሌሎቹን ስህተት ያርማል። ዳመና ውስጥ ግን አድማስ የለም። ያን ጊዜ ጆሮ ብቻውን ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ሐሰት ነው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ቢያዘነብል በጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለአብራሪው አይነግረውም። በአንድ ፍጥነት መዞሩን ከቀጠለ ደግሞ 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ሲያቃናው ወደ ተቃራኒው ያዘነበለ ይመስለዋል። መዳኛው የገዛ አካሉን ክዶ መሣሪያዎቹን ማመን ነው። ይህም ከባድ ነው፦ የተደናገጠ ሰው ዓይኑን አንዱ መሣሪያ ላይ ተክሎ ይቀራል፤ ሌሎቹ ፊቱ ተደርድረው አያያቸውም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ከካሜሩኗ ዱዋላ ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኬንያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በነጎድጓድ ዘግይቶ ሌሊት ተነሣ። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረው መሣሪያ፣ አውቶፓይለቱ፣ መሥራቱን ማንም አላረጋገጠም። አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሲያጋድል መሣሪያውን የሚከታተል አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ከ30 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ነበር፤ ካፒቴኑም ተደናግጦ ጭራሽ ወደዚያው ወደ ቀኝ አዞረው። 114 ሰው አለቀ።

በ2020 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ አጠገብ ዝነኛውን የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንትን ከነልጁ ይዞ 9 ሰው የጨረሰው ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ነው። አብራሪው ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው ሲል ወደ ምድር እየወረደ ነበር። መርማሪዎቹ ብራያንት እንዳስገደደው የሚያሳይ ነገር አላገኙም፤ አብራሪው ራሱ በራሱ ላይ የጫነውን ጫና ግን ከምክንያቶቹ ቆጥረውታል። ማንም ሳያጣድፈው እንዲህ ከሆነ በእናንተ ጩኸትማ እንዴት ይሆን?

የዘገየበትን ምክንያት ካልነገሯችሁ፣ ውሃና ማረፊያ ከነፈጓችሁ፣ የአየር መንገዱን ቢሮ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የአየሩን ፍርድ ግን ለአብራሪው ተዉለት። በተለይ እናንተ ሄሊኮፕተርና ትንንሽ አውሮፕላን የምትከራዩ ባለሀብቶችና ባለሥልጣናት፣ የምትቀመጡት ከአብራሪው ጀርባ ነው፤ ስታጉረመርሙ ይሰማል። ከመነሣታችሁ በፊት «አየሩ ካልጣመህ አንሄድም፤ አልቀየምህም» በሉት፤ ስብሰባውንም ደውላችሁ ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።