«እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት»

ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንዲት የቆየች ወዳጃችን ቤት ለቡና ተጠራን። የድሬ ሙቀት ነው፤ ቬንትሌተሩ ቢሽከረከርም የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ቴሌቪዥኑ ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆችን ያሳያል። አንዷ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ትናገራለች፤ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፋባት፣ ደመወዟን ከልክላት፣ በሩን ከውጭ ዘግታባት። ወዳጃችን አለቀሰች። የምሬን ነው፣ እንባዋ ወረደ። በሶፍት እየጠረገች «ልብ የላቸውም አቦ! የሰው ልጅ እንዲህ ይደረጋል?» አለች። በዚያው ትንፋሽ፣ ሶፍቱን ከዓይኗ ሳታነሳ፣ ወደ ጓሮ ዞራ፦

«አንቺ! ከሰሉን ምን በላው?»

ማንደጃውን በሁለት እጇ አቅፋ የመጣችው ልጅ ቁመቷ ከፍሪጁ እጀታ አይደርስም።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ የምስጋና ነው። ከተማችን ውስጥ የገጠር ልጅ አምጥተው «እንደ ልጃቸው» የሚያሳድጉ ደጋግ ሰዎች አሉን፤ ታውቋቸዋላችሁ፣ አንዷ ቤት ትናንት ቡና ጠጥታችኋል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላመሰገንናቸውም። እነሱ ራሳቸውን ከማመስገን አልቦዘኑም እንጂ ሥራው የእኛ ነበር።

ደግነቱ የሚጀምረው በስልክ ነው። «ለገብርኤል ቁሉቢ ትወጪ የለ? ስትመለሺ ሃያ ኪሎ ድንች ያዢልኝ፣ ካገኘሽ ጥሩ ቅቤ፣ አንድ ልጅ ደግሞ እንዳትረሽኝ።» ድንቹ ትልልቅ እንዲሆን ይታዘዛል፤ ልጅቷ ግን ትንሽ ትሁን። ትልልቆቹ ስልክ ያበዛሉ፣ ደመወዝ ይጠይቃሉ፣ ጎረቤት ያገኛሉ። ከተማ ያላየች፣ ዘመድ የሌላት ብትሆን ደግሞ ይመረጣል፤ «አመሏ አልተበላሸም» ይባልላታል። ስዕለት አግብቶ፣ ሻማ አብርቶ፣ ልጅ ጭኖ መመለስ ከዚህ በላይ በረከት አለ?

ጋራው ላይ ያለው አባትም ያመሰግናል። ኩርማን መሬቱ ለሰባት አፍ አልበቃ ብሎት፣ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ቀርቶበት፣ ትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ወርዶ አቀበት ወጥቶ የሚደረስበት ሆኖበት ተቀምጧል። አምጪዋ «ታስተምርልሃለች» ትለዋለች። አንዲት ቃል ናት። አባት ልጁን የሚሰጠው ለዚህች ቃል ነው።

ወዳጃችንም ቃሏን አላጠፈችም፣ የማታ ትምህርት አስመዝግባታለች። የምዝገባውን ወረቀት አሳይታናለች፣ ማኅተም አለው። ትምህርቱ የሚጀምረው በ12 ሰዓት ነው፤ እዚያ ቤት እራት የሚቀርበው በ2፣ ዕቃው ታጥቦ የሚያልቀው በ4 ነው። መመዝገብና መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን ሁሉ ቸርነት ያልተረዱት ሕግ አውጪዎች ብቻ ናቸው። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚባል አለ። እኛ ስሙን ስንሰማ የሚታየን ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባና ፊቱን የተሸፈነ ደላላ ነው። አዋጁ ግን አምስት ግሶች ደርድሯል፦ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማዘዋወር፣ ማስጠለል፣ መቀበል። ድንበር አስፈላጊ አይደለም፤ ከቁሉቢ ድሬ የሚወርደው ሚኒባስ ይበቃል። ለአዋቂ ከሆነ ከድርጊቱ ሌላ ማታለል፣ ማስገደድ ወይም ችግሯን መጠቀሚያ ማድረግ መኖሩ ይታያል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ግን ይሄ አይጠየቅም፤ ድርጊቱና የብዝበዛው ዓላማ ይበቃሉ። «ወዳ ነው የመጣችው»፣ «አባቷ ፈቅዶ ነው» የሚለው የቡና ወሬ እዚያ አይሠራም። ተጎጂዋ ሕፃን ስትሆን ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ30,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። ጭካኔ! ለአንዲት ከሰል አቀጣጣይ!

(ሰው ቤት ያለች ልጅ ሁሉ የንግድ ዕቃ ናት አላልኩም፤ አዋጁም አላለም። አክስቷ ዘንድ ሆና ጠዋት ዩኒፎርም ለብሳ የምትወጣ ልጅ አለች፣ እግዜር ይስጣቸው። ጉዳዩ ያለው «ብዝበዛ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቃሏ ስትተነተን ደግሞ የጉልበት ብዝበዛ፣ አገልጋይነት እያለች ትሄድና ሰውን በዕዳ መያዝ ላይ ትደርሳለች።)

ዕዳ ካልን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ።

ወዳጃችን ለልጅቷ ደመወዝ በእጇ አትሰጣትም። «ታጠፋዋለች፤ እኔ ጋ ነው የሚጠራቀምላት» አለችን፣ ኩራት በተሞላ ድምፅ። ጠርጣሮች እንዳንሆን ብላ ደብተሩን ከቡፌው አወጣች። ባለ 50 ሉክ ነው፣ ሽፋኑ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች አለ። በወር 600 ብር። መስከረም፦ ገቢ 600። ወጪ፦ ከገጠር ያመጣናት ትራንስፖርት፤ የደላላ 1,500 (አዎ፣ የራሷን መሸጫ የከፈለችው ራሷ ናት)፤ የቅማል ሻምፑ፤ ለወዳጃችን ልጅ የጠበባት ቀሚስ 400። ጥቅምት፦ ብርጭቆ አንድ። ኅዳር፦ ብርጭቆ አንድ፣ ሆኖም «ስብስቡ ስለጎደለ» የስድስቱም ዋጋ። አምስቱ ቀሪ ብርጭቆዎች የት ገቡ ብዬ ስጠይቅ፣ በአንደኛው ውሃ እየጠጣሁ ነበር። ታኅሣሥ፦ አያቷ ሞታ ለቅሶ የሄደችበት ሦስት ቀን፣ «የቀረችበት» ተብሎ ተቀናሽ። ጥር፦ ቴርሞስ። ቴርሞሱ ሲሰበር ክዳን አልነበረውም፣ እጀታውም በፕላስተር የተያዘ ነበር፤ የተጻፈው የአዲስ ዋጋ ነው። የካቲት፦ ሳሙና፣ «ከሚገባው በላይ የፈጀችው»። መጋቢት፦ አሁንም ብርጭቆ።

በስልኬ ደመርኩት፤ ሰው ቤት ቡና ላይ ሒሳብ መሥራት ነውር መሆኑን እያወቅሁ። በ14 ወር ገቢዋ 8,400 ብር፣ ወጪዋ 11,250። ልጅቷ 2,850 ብር ባለዕዳ ናት። አሁን 12 ዓመቷ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለች 30 ሲሞላት ዕዳዋ ከ46,000 ብር ይበልጣል። ካገባች ባሏ ይካፈላታል፣ ከወለደች ልጆቿ ይወርሱታል፤ የልጅ ልጇ ምናልባት ሳቢያን መጥቶ የቴርሞሱን ወለድ በከሰል ይከፍል ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጠባ የትኛው ባንክ አለው? ቅርንጫፍ የለው፣ ወረፋ የለው፣ ገንዘብ ማውጣት የሚባል አገልግሎትም የለው።

ሌላም ሒሳብ ሠራሁ። ያ ቤት እንግዳ የማይለየው ነው፤ በቀን አርባ ብርጭቆ ታጥባለች እንበል። በ14 ወር ወደ አሥራ ሰባት ሺህ እጥበት ነው። የሰበረችው ዘጠኝ። እኔ ባለትዳር ሰው፣ ቤቴ በሳምንት አንዴ ዕቃ አጥባለሁ ብዬ እፎክራለሁ፤ የሰበርኩት ከዚህ ይበልጣል፣ በስሜ ደብተር አልተከፈተም።

የልደት ካርዷም ከደብተሩ ጋር ቡፌው ውስጥ ተቆልፏል፣ «እንዳይጠፋባት»። እናቷ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው ወዳጃችን ናት፣ «ልጅቷ እንዳትረበሽ»። ቤተሰቡ ሲወጣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ «ሌባ ስለበዛ»። ቴሌቪዥኑ ላይ ያየናትን የሪያድ እመቤት ያስታወሰው ካለ ኃጢአቱ የራሱ ነው፤ እዚያ ያለው ክፋት ነው፣ እዚህ ያለው አሳዳጊነት።

ልጅቷን ስሟን ጠየቅኳት። ወዳጃችን ቀድማ መለሰች፦ «ሀዊ ነበረች፣ ለምላስ ሲከብደን ሄለን አልናት።» ሀዊ ሁለት ፊደል ነው። ሄለን ሦስት።

ቄጤማ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ክንዷን አየሁት። ከክርኗ እስከ አንጓዋ የዘይት ጠባሳ ነው፤ ገና ሮዝ ነው፣ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ሐኪም ቤት አልሄደችም፣ ቲማቲም ደልዘውበታል። እዚህ ላይ ሽሙጤን ልተወው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶ ያልፋል፣ እኛም በዚያች ቀዳዳ ሕፃን እናሾልካለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ በግዴታ አገልጋይነት ሰው አይያዝም፣ ለማንኛውም ዓላማ በሰው መነገድ ክልክል ነው ይላል። «ለማንኛውም»፤ ለቡናም ጭምር። ሰባት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። አንዱ ስለ ሕገ ወጥ ስደት ሥልጠና ወስዶ አበል ፈርሞ የመጣ ነው፤ አንዷ አስተማሪ ናት፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ጻፊ ተብዬው። ክንዷን ሁላችንም አየን። ሁላችንም ፈንዲሻ ዘገንን።

ከአምላክ በታች ደግነታችን ፍሬ ማፍራቱ አይቀርም። ሦስት አራት ዓመት ከሰል አቅፋ፣ ሌሊት ተነስታ፣ በምልክት ታዛ፣ ሳትከፈል ሠርታ የለመደች ልጅ ለሌላ አገር እመቤት ዝግጁ ናት። ሌላው በገንዘቡ የሚያሠለጥነውን እኛ በነፃ አሠልጥነናል። ከዚያ አንድ ቀን ጀሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አንድ ጥርሱ የማይከደን ልጅ «እዚያ በወር የምታገኚውን እዚህ በስንት ዓመት ታገኚዋለሽ?» ይላታል። ሒሳቡን ታውቀዋለች፣ ደብተሩን አይታለች። በሌሊት በደወሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ። በ2017 ሐምሌ መጨረሻ የመን አብየን ዳርቻ በተገለበጠችው ጀልባ ከዘጠና በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች። ወዳጃችን ለእነሱም አልቅሳለች፤ እንባ አትሰስትም። የራሷ ሀዊ የጠፋች ዕለት ግን የምትለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፣ ከሌሎች ቤቶች ሰምቼዋለሁና፦ «ያን ሁሉ ውለታ! እንደ ልጄ አሳድጌያት!»

በረካው ደረሰ። ልጅቷ ሲኒውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ፤ ተቀበልኩ፣ ጉልበቴ ላይ ላሳርፈው ስል ክርኔ የወንበሩን መደገፊያ መታውና ሲኒው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሁለት ሆነ።

«ኧረ ችግር የለም! ሲኒ ነው፣ ሰው ይትረፍ!» አለች ወዳጃችን፣ ሳቅ ብላ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን መልቀም ጀምራለች። ወዳጃችን እጇን ወደ ቡፌው ሰደደች፣ እስክሪብቶዋን በጥርሷ ከፈተች።

«እኔ ነኝ እኮ የሰበርኩት» አልኳት።

«አቀባበሏ ነው አቦ፣ አንተ ምን አደረግክ?»

መቶ ብር አወጣሁ። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ፊቷ ቀላ፤ በቴሌቪዥኑ ጊዜ እንኳን እንዲህ አልተከፋችም።

«አታፍርም? እኔ ቤት እንግዳ ይከፍላል እንዴ? ነውር ነው፣ መልሰው!»

መለስኩት። ልጅቷ ስብርባሪውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ወዳጃችን ቀኑን ጽፋ፣ ሲኒው በስንት እንደተገዛ ለማስታወስ ጣሪያውን ታያለች።