የአርክቲክ ጥናት ገንዘብ በማን እጅ ይሁን?

ስለ አርክቲክ ምርምር የሚጻፈውን የምትከታተሉ ከሆነ «ከነባር ሕዝቦችና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በመተባበር» የሚለውን ሐረግ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ ትብብር የሚባለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ነው። አንድ ኢኑይት (በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ) አዳኝ ሳይንቲስቱን መንገድ እየመራ በረዶ ላይ ወሰደው፣ አደገኛውን ቦታ አሳየው፣ የቀን አበሉን ተቀበለ፣ በጥናቱ የመጨረሻ ገጽ ላይም ተመሰገነ እንበል። ይህ ሰው ተቀጥሮ ሠራ እንጂ አብሮ አጠና አይባልም። አብሮ ማጥናት የሚጀምረው ጥያቄውን አብሮ ከማውጣትና በገንዘቡ ላይ ከማዘዝ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ከአላስካዋ ኡትቂያግቪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ኡትቂያግቪክ በአሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። እስከ 2016 ድረስ ባሮው ነበር የምትባለው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩ ባለቤቶች ኢኑፒያት ይባላሉ። በየጸደዩ በረዶው ጠርዝ ላይ ድንኳን ተክለው፣ በእንስሳ ቆዳ የተለበጠች ጀልባቸውን አዘጋጅተው፣ ቦውሄድ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ይጠብቃሉ። አንድ ሲያዝ ሰዉ ተጠራርቶ ይወጣና ገመድ ይጎትታል። ሥጋውም በደንቡ መሠረት ይከፋፈላል።

በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ይህን አደን ከለከለ። የቀሩት ቦውሄዶች ከ600 እስከ 2,000 ቢሆኑ ነው የሚል የሳይንቲስቶች ግምት ነበር ምክንያቱ። ለኢኑፒያት ዱብ ዕዳ ሆነባቸው። ምግባቸውም በዓላቸውም የተያያዘው ከዚያ አደን ጋር ነው። አዳኞቹ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙና አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አሉ፦ ቆጠራው ስሕተት ነው።

እንዴት ነበር የሚቆጠረው? በጸደይ ወራት ነፋስ የባሕሩን በረዶ ከዳሩ በረዶ ይነጥለውና መሐል ላይ ክፍት የውሃ መንገድ ይፈጠራል። ቆጣሪዎቹ ከፍ ያለ የበረዶ ክምር ላይ ቆመው በዚያ መንገድ ብቅ ያሉትን ይመዘግባሉ። ነፋሱ ዞሮ መንገዱ ሲዘጋ የሚታይ ነገር የለም። ዓሣ ነባሪ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስላለበት፣ መንገዱ ሲዘጋ ጉዞውም ይቆማል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ሃሪ ብራወር የሚባሉ አንጋፋ የአደን አለቃ ይህን አልተቀበሉም። ቦውሄድ በረዶ አይፈራም አሉ። ከሥሩ ይዋኛል፤ አየር ሲፈልግ በዚያ ትልቅ ጭንቅላቱ በረዶውን ከታች ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ተንፍሶ መንገዱን ይቀጥላል። ላይ የሚቀረው እንደ ጉብታ ያበጠ በረዶ ብቻ ነው፤ የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቢደርስም ልብ ሳይለው ያልፋል። ደግሞም ሁሉም በዳር አያልፉም፣ ዓይን ከማይደርስበት ርቀው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ!

ቶም አልበርት የሚባል የእንስሳት ሐኪም እኚህን ሰው ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ጥናቱ የተነደፈው እሳቸው ያሉትን ለመፈተሽ ነው። በ1980ዎቹ የድምፅ መቅጃ ከበረዶው ሥር ወደ ውሃው ወረደ፤ ከዳር የራቀውን ባሕር ለማየትም አውሮፕላን ተላከ። የውሃው መንገድ ተዘግቶ፣ ላይ የቆመው ቆጣሪ ምንም ሳያይ፣ ከታች ግን የዓሣ ነባሪዎቹ ድምፅ እያለፈ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ግምቱ ወደ ላይ ወጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 8 ሺህ ገደማ፣ በ2011 ደግሞ 17 ሺህ ገደማ ደረሰ። ልዩነቱ ሁሉ የቆጠራ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፣ በእነዚያ ዓመታት ዓሣ ነባሪዎቹ በእርግጥም ተራብተዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቆጠራ ብዙዎቹን አላያቸውም ነበር፤ አዳኞቹም ያሉት ይህንኑ ነው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ሳይንስና የአባቶች ዕውቀት ተጨባበጡ ይባልና ያበቃል። የሚዘለለው ክፍል ግን ዋናው ይመስለኛል። ለመሆኑ አልበርትን የቀጠረው ማን ነው?

በ1968 ፕሩዶ ቤይ በሚባለው ሥፍራ ትልቅ የነዳጅ ክምችት ተገኘ። ኢኑፒያት በኤበን ሆፕሰን መሪነት በ1972 ኖርዝ ስሎፕ ቦሮው የተባለ የራሳቸውን የአካባቢ መንግሥት አቋቋሙና የነዳጅ ኩባንያዎቹን ንብረት ግብር ማስከፈል ጀመሩ። በዚያ ገንዘብ ትምህርት ቤት ሠሩ፣ የራሳቸውን ሳይንቲስቶች ቀጠሩ፣ ቆጠራውንም ተረክበው አካሄዱት። ማለትም የአልበርት አለቆች አዳኞቹ የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። ብራወር ያንኑ ነገር ለጥቂት ሳምንታት ለመጣ የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቢነግሩት ኖሮ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰፍሮ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነበር። ተመራማሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በጀቱ የተፈቀደለት ለሌላ ጥያቄ ስለሆነ ነው። አውሮፕላንና የድምፅ መቅጃ ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን የሆነውን ሌላ ነገር እዩ። በ1979 ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች በነዋሪው የአልኮል አጠጣጥ ላይ ጥናት አደረጉ። ችግሩ የምር ነበር፤ ባለሙያዎቹም የመጡት ከከተማዋ ኃላፊዎች በቀረበ ጥያቄ ነው። ውጤቱ ግን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአላስካ እጅግ በራቀችው ፊላደልፊያ በጋዜጣዊ መግለጫ ታወጀ። የአገር ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ ሕዝቡ በዓለም ፊት ሰካራም ተባለ። ኀፍረቱና ቁጣው ለብዙ ዓመታት አልበረደም፤ ጥናቱም ሊረዳቸው የታሰቡትን ሰዎች ሳይረዳ ቀረ። ግብዣ ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ ከዚህ ነው። ውጤቱ መቼ፣ የት፣ በማን አፍ እንደሚነገር የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ይብሳል። ከ1955 እስከ 1957 የአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ የታይሮይድ ዕጢ ብርድን ለመቋቋም ምን ድርሻ እንዳለው ለማወቅ ብሎ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ የአላስካ ነባር ተወላጆች ጨረር አመንጪ አዮዲን ሰጠ። ብዙዎቹ የሚውጡት ነገር ምን እንደሆነ በቅጡ አልተነገራቸውም። እንግዲህ ዛሬ አንድ ተመራማሪ ቅጽ ይዞ መንደር ሲገባ አረጋውያን ዝም ብለው ቢያዩት ሊገርመን አይገባም።

አዳኞቹ ገንዘቡን ከያዙ ውጤቱን ለራሳቸው ያጋድሉታል የሚል ሙግት አለ። አደኑ እንዲፈቀድ የሚፈልግ ሰው ዓሣ ነባሪው ብዙ ነው ማለቱ አይቀርም ነው ነገሩ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አሠራሩ ላይ አለ። ቆጠራው በዓለም አቀፉ ኮሚሽን የሳይንስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እየተመረመረ ነው ያለፈው። አዳኞቹም ክልከላው በኮታ ከተተካ ወዲህ ኮታቸውን ተቀብለው፣ በ1981 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተፈራርመው፣ የያዙትን ሁሉ እየመዘገቡ ነው የሚያድኑት። ከዚያም አልፎ የያዙት ዓሣ ነባሪ ሲታረድ ባዮሎጂስቶች አጠገቡ ቆመው እንዲለኩና ናሙና እንዲወስዱ ፈቀዱ። ከዓይን ሌንስ ናሙና የአንዳንዶቹ ዕድሜ ከ100 ዓመት በላይ፣ የአንዱ ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ ተገመተ። ከአንዳንዶቹ ሥጋ ውስጥም የድሮ የድንጋይ ጦር ጫፍ ወጥቷል! ቢላዋው በእጃቸው ያለ ሰዎች ባይፈቅዱ ኖሮ ይህን ማንም አያውቀውም ነበር። ደግሞስ ጥቅም የሌለው ተመራማሪ የት አለ? ዩኒቨርሲቲውም ሹመትና የሚቀጥለውን ዙር በጀት ይፈልጋል።

እርግጥ ሁሉም መንደር ነዳጅ የለውም። ካናዳ ላብራዶር ጠረፍ ላይ ያለችው ናይን የምትባል የኢኑይት መንደር ነዳጅ የላትም። በ2009 እና 2010 መካከል የነበረው ክረምት ያለወትሮው ሞቆ በረዶው ሳሳ፣ ሰዎች ከነበረዶ ሞተራቸው (በረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ ነው) ውሃ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ጭንቀት ስማርት አይስ የተባለው ሥራ ተወለደ። በበረዶ ሞተር በሚጎተት ሸርተቴ ላይ መለኪያ ይጫናል፤ እየተጎተተ የበረዶውን ውፍረት ይለካል። የሚነዳው ደመወዝ የሚከፈለው የመንደሩ ሰው ነው። የት እንደሚለካም የሚታወቀው ሰዉ ከሚሄድበት መንገድ ነው። ጥያቄው «ነገ እዚህ ላይ ማለፍ እችላለሁ?» የሚል ስለሆነ መልሱን የሚጠብቀውም እዚያው ያለ ሰው ነው።

የካናዳ ኢኑይት ብሔራዊ ድርጅት በ2018 ባወጣው የምርምር ስትራቴጂ ይህንኑ ጠይቋል፤ የገንዘቡና የመረጃው ሥልጣን ወደ ኢኑይት ይምጣ ነው የሚለው። በ2020 ደግሞ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደብዳቤ ጽፈው፣ በአርክቲክ ላይ የተጀመረው ትልቅ ፕሮግራም እነሱን በአግባቡ እንዳላሳተፈ ተናግረዋል። ከአልኮሉ ጥናት 40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ከተመራማሪው የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቁን ትተው በጀቱን በቀጥታ ለመንደሩ ምክር ቤት ወይም ለአዳኞቹ ማኅበር ይስጡ። የሥራ ማስታወቂያውን እነሱ ያውጡ፣ ሳይንቲስቱም እነሱ ጋ ያመልክት። ሪፖርቱ መጀመሪያ የሚቀርበው እዚያው መንደር አዳራሽ ውስጥ፣ ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፤ ለጋዜጠኞች የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።