ድምፃችን ተበላ ስትሉ ሰማሁ

ወገኖቼ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፣ ብትቀየሙኝም ተቀየሙኝ።

የቲቪ ዳንስ ውድድር ባለቀ ቁጥር «ጣቢያው ለማስታወቂያ ብሎ አስቀድሞ መርጦታል፣ ድምፃችን ተበላ» እያላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃላችሁ። ጥርጣሬ ክፉ ነው አልልም፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። የእንግሊዙ አይቲቪ ተመልካች ከፍሎ የሚደውልባቸውን ውድድሮች በአግባቡ ስላላካሄደ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል፣ ስለዚህ ጣቢያ ንፁህ ነው ብዬ አልከራከርላችሁም።

ግን ሌባውን የምትፈልጉት ቆጠራው ላይ ብቻ ነው። ማድላት የፈለገ ፕሮዲውሰር ቁጥር ሲነካካ ምን አደከመው? ዳንሱ ሳይጀመር የሚያሳዩን የልምምድ ቪዲዮ አለ አይደል፣ ለአንዱ እንባውን፣ እናቱን፣ የልጅነት ፎቶውን ያሳዩለታል፣ ለሌላዋ ስትሳሳትና ስትነጫነጭ ያለውን ብቻ ቆርጠው ይለጥፉባታል፣ ሁለቱም ውሸት አይደለም ግን መርጠው ነው የቆረጡት። የፈለጉትን መጨረሻ ላይ ያስደንሱታል፣ ድምፅ ልትሰጥ ስልክህን ስታነሳ አይንህ ላይ የቀረው እሱ ነው፣ ሁለተኛ የደነሰችው ልጅ ተረስታለች። ካሜራው ራሱ የሚወዱት ሰው እግሩ ሲሳት ቶሎ ብሎ ወደ ፊቱ ይጠጋል (ይቺን አንዴ ካያችኋት በኋላ ሁሌ ነው የምታዩዋት)።

እና ለማን ነው የሚያደሉት? እኛ ለምናወራለት ሰው ነዋ! ጎበዙን ዳንሰኛ «ደባሪ ነው» ብለን አልፈን ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ከማን ጋር ጀመረ ምናምን የሚለውን ሼር የምናደርገው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2008 ስትሪክትሊ በሚባለው የቢቢሲ የዳንስ ውድድር ላይ ጋዜጠኛው ጆን ሰርጀንት ከዳኞቹ ዝቅተኛ ነጥብ እያገኘ በየሳምንቱ ሕዝቡ ያሳልፈው ነበር፣ በመጨረሻ «ጭራሽ ላሸንፍ እችላለሁ» ብሎ ሰግቶ ራሱ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ የሚባለውን ውድድር ያሸነፈው የሬዲዮ አቅራቢው ቦቢ ቦንስ ነው፣ እሱም በዳኞች ነጥብ ሳይሆን በድምፅ፣ በቀጣዩ ዓመት ዝቅተኛ ከሆኑት ሁለት ጥንዶች ማን እንደሚሰናበት ዳኞቹ እንዲወስኑ ሕጉ ተቀየረ። ያኔ ማን ሰረቀ በሉ?

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ስድቡ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ጣቢያውን ትታችሁ ተወዳዳሪዋ ላይ ትዘምታላችሁ፣ እሷ ኤዲቲንግ ክፍል ገብታ አልቆረጠችው፣ ተራ አላወጣች። መጮህ ካማራችሁ ለእያንዳንዱ ስንት ድምፅ እንደገባ ይነገረን ብላችሁ ጩሁ፣ ቢቢሲ እንኳን ቁጥሩን አያወጣም። ይሄን ግን ስትጠይቁ አላየሁም፣ ጥያቄው እንደ ስድብ ላይክ አያመጣማ።

እኔም ከደሙ ንፁህ አይደለሁም፣ ስላሳቀኝ ብቻ ድምፅ የሰጠሁት ሰው አለ፣ ምን እንደደነሰ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ባለፈው ግን የልምምድ ቪዲዮውን ዘልዬ ዳንሱን ብቻ አየሁ፣ የዳኞቹን ወሬም ድምፁን አጥፍቼ አሳለፍኩት፣ እና ስደግፈው የከረምኩትን ሰው ትቼ ስሟን እንኳን ለማላውቃት ልጅ ድምፅ ሰጠሁ።