ድንቅነሽ ይበቃል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ባለቤቴ በወለደች በሳምንቱ እኛ ቤት የተሰበሰበው ዘመድ ግን መልአኩን መቀመጫ የሚያሳጣ ስለነበረ፣ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ የጫማውን ብዛት አይቶ የተመለሰ ይመስለኛል። ሳሎኑ ገንፎ ሊበላና አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል በመጣ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ የጉዳዩ ባለቤት የሆነችው ሕፃን ደግሞ እጇን ጨብጣ ተኝታለች። የባለቤቴ አክስት ማንኪያቸውን ገንፎው መሐል ካለው የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ አጥቅሰው ካወጡ በኋላ ወደ እኔ ቀስረው፣ «ለመሆኑ ማን አላችኋት?» ሲሉ፣ ለወራት በልቤ ይዤው የቆየሁትን ስም ሳላመነታ ተናገርኩ።

«ድንቅነሽ።»

ከማንኪያው ጫፍ ቅቤ ጠብ አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ሙዚየም ያለችው?» አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ከሚባለው ስፍራ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችውና ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፈው ቅሪተ አካል ዝናዋ ዓለምን ያዳረሰ በመሆኑ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟን የሰማ ሁሉ ዕድሜዋን እንደሚጠይቃት በዝርዝር አስረዳኝ። ድንቅነሽ የአባቴ እናት ስም እንደሆነ፣ አያቴም ስሙን የያዙት አጥንቷ ከመገኘቷ ብዙ ዓመት ቀድመው እንደሆነ፣ ስለዚህም መዋዋስ ካለ የተዋሰችው አጥንቷ እንደሆነች ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም። እንዲያውም አጥንቷ ራሷ ከስም ጣጣ አላመለጠችም። ያገኟት ተመራማሪዎች ሰፈራቸው ውስጥ በዚያ ምሽት በቴፕ ይሰማ ከነበረ የእንግሊዝኛ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ የአራስ ጠያቂ ዘመድ በአካባቢው ከሌለ ስም በአንድ ምሽት ወጥቶ ያድራል ማለት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውም ተረት ለእርሷ አንሷታል፤ ስሟም አጥንቷም አብረው ከመቃብር በላይ ውለዋል።

ሁለተኛው ክስ ግን የባሰ ነበር፤ ተከሳሹ የእኔው ስም ነውና። እኛ አገር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የልጅ ስም ምን ጊዜም ከአባቱ ስም ጋር ተያይዞ ይነበባል። አባትየው ከበደ ወይም ግርማ ከሆነ የሚያስቸግር ነገር የለም። የእኔ ስም ግን ይበቃል ነው፤ በዚህም የተነሣ ለልጄ የሚታሰብ ስም ሁሉ እኔ ዘንድ ሲደርስ ስም መሆኑ ይቀርና ማስታወቂያ ይሆናል። አማቴ ሰላም እንድትባል ፈልገው ነበር፤ ሆኖም «ሰላም ይበቃል» በዚህ ዘመን በአደባባይ ጮክ ተብሎ የሚጠራ ስም አለመሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ፍቅር ይበቃል የፍቺ ማመልከቻ ርእስ ይመስላል፤ ደስታ ይበቃል የጠጅ ቤት መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ የሚነገር ነው፤ ብርቱካን ይበቃል ደግሞ አትክልት ተራ ውስጥ ዘንቢሏ የሞላ ሴት ለተሸካሚዋ የምትለው ነው። ከእነዚህ ሁሉ «ድንቅነሽ ይበቃል» ይሻላል፤ አመስጋኙ ትንሽ የቸኮለ ቢመስልም ምስጋና ነው። የአያት ስም ሲጨመርበት «ድንቅነሽ ይበቃል ታገሠ» ስለሚሆን ክፍያው በቃል ከሚቆጠር የጥንት ቴሌግራም ጋር መመሳሰሉን አልክድም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የባለቤቴ ታላቅ እኅት በስልኩ መስታወት ብቅ ብላ የሰጠችው ምክር ሌላ ነው። የእርሷ ስም በ«ጽ» የሚጀምር በመሆኑ፣ ክሊኒክ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር እየተነሣች መቸገሯን ነገረችን። «ድንቅነሽ ውስጥ ‹ቅ› አለች፤ ‹ቅ› ደግሞ ከቦሌ አታልፍም፤ ኤላ በሏትና ተገላገሉ» አለች። የሰባት ቀን ልጅ እትብቷ ገና በቅጡ ሳይደርቅ ስለ ቪዛዋ ቃለ መጠይቅ መጨነቅ እንደሚገባኝ አላወቅሁም ነበር። የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች በበኩላቸው በወረቀት ጽፈው ይዘው መጡ፤ ሶልያና፣ ኤልያና፣ አርያና፣ ሊያና። ትርጉማቸውን ስጠይቅ ለሁሉም «ግዕዝ ሳይሆን አይቀርም» የሚል መልስ አገኘሁ። እኔ ግን መጨረሻቸውን አይቼ፣ ልጄ ሴት ስለሆነች ከተጠራች «ነይ» እንጂ «ና» ልትባል እንደማይገባት አሳሰብኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእነርሱ መካከል ገንፎ ሊበላ የመጣ የለም።

ሌሊት ሕፃኗን እሹሩሩ እያልኩ ነገሩን ሳሰላስል፣ በአገራችን ስም ለልጁ ተብሎ የወጣበት ጊዜ ስንት እንደሆነ ተጠራጠርኩ። ታላቁ የሞተበት ልጅ ካሳ ወይም ምትኩ ይባላል፤ የድንበር ጠብ ያለበት አባት ልጁን በላቸው ይለውና ጎረቤቱ በየምሽቱ «በላቸው፣ ግባ!» የሚለውን ጥሪ እንዲሰማ ያደርጋል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የተወለዱት አብዮትና ትግሉ ዛሬ ጉልበታቸውን እያመማቸው ደረጃ ይወጣሉ። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ፣ ተፈሪ መኮንንም ኃይለ ሥላሴ ለመባል ዘውድ መጫን አስፈልጓቸዋል፤ ዘውድ የሌለው ሰው ሌላው ለሌላው የጻፈውን ደብዳቤ ተሸክሞ ዕድሜውን ይገፋል። የእኔን ስም ያወጡት አያቴ ድንቅነሽ ናቸው። ስምንተኛ ልጅ ሆኜ ስወለድ አልጋው ሥር ቆመው «ይበቃል» አሉ፤ ያሉት ለእናቴ ነበር። ዳሩ ግን ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከሞሰባቸው ሥር ቆሎ ደብቀው የሚያቆዩልኝም እርሳቸው ነበሩ። እኔም እንግዲህ በልጄ ጀርባ የምልከው ደብዳቤ አለኝ ማለት ነው።

ሕግ ለመጥቀስም ሞክሬአለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጅን ስም የሚመርጠው አባት እንደሆነ፣ እናትም ሁለተኛ ስም ልትመርጥ እንደምትችል ይደነግጋል። አማቴ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ሕጉ ገንፎ ያገነፋል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሌላ አንቀጽ አልጠቀስኩም።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ሴት በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ ሴት የወለደ ቤተሰብ ለጭቅጭቅ እጥፍ ጊዜ ተሰጥቶታል። በሰማንያኛው ቀን ቄሱ ሕፃኗን «ወለተ ሥላሴ» አሏት። ነገሩ የፈጀው ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ትርጉሙን የጠየቀ፣ ፈረንጅ ይጠራዋል ወይ ያለ፣ ከይበቃል ጋር አገጣጥሞ የሳቀ አልነበረም። የቀረው የዓለም ስሟ ነበር። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ወረዳ ለመሄድ ዐሥር ቀን ቀረኝ፤ እስከዚያው ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቶ ሚሚ ይላታል።

በሰማንያ አራተኛው ቀን እናቴ ብቻዋን መጣች። እስከዚያ ዕለት ድረስ በስሙ ጉዳይ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣ «ለመሆኑ አርባ ዓመት ‹እሜቴ› ያልኩት አንሶህ ነው፣ አሁን በእርጅናዬ ድንቅነሽን ልዘላት?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ወጡ ቀጠነ የተባለችበትን፣ እንጀራው ዓይን የለውም የተባለችበትን፣ በስምንተኛ አራስነቷ አልጋ ላይ ሆና ልጇ «ይበቃል» ሲባል የሰማችበትን ቀን ተረከችልኝ። በየዕለቱ ሲጣሯት «አቤት!» እያለች የሮጠችላቸውን ሴት ስማቸውን በአፏ አንድ ጊዜ እንኳን ጠርታ እንደማታውቅ፣ የአማትን ስም መጥራት በዘመናቸው ነውር እንደነበረም ነገረችኝ። እኔ የቆሎውን እንጂ ይህን አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ «እሺ እማዬ፣ ይቅር» አልኩና ሰላም ይበቃል የሚለውን እያሰብኩ የሚሞላውን ወረቀት አጠፍኩት።

በዚህ መሐል ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስደገፈቻትና «ዝም በይ» አለቻት። አላቆመችም። እናቴ ወደ በሩ ዞር ብላ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች በአፏ እያገላበጠች «ዝም በይ... ድንቅነሽ» አለች።

ልጅቷ ዝም አለች። እናቴም ዝም አለች። ቀጥሎ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በሠርጌ ቀን እንኳን አላየሁትም። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጮክ ብላ ደገመችው፦ «አንቺ ድንቅነሽ! ዝም በይ ብያለሁ!»

ተቃውሞው በሁለት ቀን ውስጥ ተነነ። «አጥንቷ?» ያለውን ተማሪ አስቀምጣ የገሠጸችው እናቴ ናት፤ አሜሪካ ያለችውንም «‹ቅ› ካቃታቸው ይማሩ» ብላ ስልኩን የዘጋችባት እርሷው ናት። አማቴም ከእርሷ ጋር ምን እንደተነጋገሩ እንጃ፣ ሁለቱ ጓዳ ገብተው ሲወጡ ዓይናቸው በሳቅ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለካ እርሳቸውም አማት ነበራቸው። በሰማንያ ስምንተኛው ቀን ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እናቴ የምትኖረው ከተማው ዳር ነው፤ እኛ ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትቀያይራለች። ቀድሞ በወር አንዴ «እግሬን ያመኛል» እያለች ትመጣ የነበረች ሴት አሁን ቁርስ ሳንበላ ትደርሳለች። ሥራ ለመሄድ ስለባብስ ከመኝታ ቤቱ ድምፅዋ ይሰማኛል። «ድንቅነሽ፣ እጅሽን ከአፍሽ አውጪ። ድንቅነሽ፣ እያየሁሽ ነው። ተይ ድንቅነሽ፣ ነግሬሻለሁ።» ትንሽ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ገና ሦስት ወር የሞላትን ልጅ ትጣራለች።

«ድንቅነሽ! ስጠራሽ አቤት በይ እንጂ!»