አጭር ቤት ካየህ አሮጌ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ቡና ላይ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንዱ ልጅ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ወጥቶ መምጣቱ ነው። ስልኩን አውጥቶ የቀርከሃ ቤት ፎቶ አሳየንና "ያምራል፣ ግን አሁን ለቱሪስት ካልሆነ ማን ይሠራዋል?" አለ።

ኮንትራክተሩ ጓደኛችን ቀበል አደረገው። "ቀርከሃ እኮ ሣር ነው። ምስጥ ይበላዋል። ብሎኬትና ቆርቆሮ እያለ ምን ያለፋቸዋል?"

ጋሼ ዶርዜ አጠገብ፣ ጨንቻ ተወልደው እዚህ ሸማ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና "ምስጥ እንደሚበላው መቼ አጣነው?" አሉ። ቤቱ መጀመሪያውኑ ረጅም ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ግድግዳ ለብቻ፣ ጣሪያ ለብቻ የሚባል ነገር የለም፤ ከመሬት እስከ ጫፍ እንደ ቅርጫት ይጎነጎንና በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃው ልባስ ይሸፈናል። ምስጥ ከሥር ሲጀምረው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ኑሮ ይቀጥላል። "አጭር ቤት ካየህ አሮጌ ነው" አሉት። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል።

"ቤት በሸክም?" አለ ኮንትራክተሩ፣ ስልኩን መልሶ ተቀብሎ ፎቶውን እያየ።

"ሁሉም ቀርከሃ ደግሞ አይቆረጥም።" ጋሼ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። የበሰለው፣ ሦስት ዓመት ያለፈው፣ ሲመቱት ድምፁ ጥርት ይላል፤ ቆዳው ላይም ሽበት የመሰለ ነገር ያወጣል። ለጋው ውስጡ ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። ደግሞ ሥሩን የሚያጠነክረው እሱ ነውና ይተዉታል።

ልጁ አልለቀቃቸውም። "ታዲያ ጋሼ፣ የእርስዎ ልጆች አገር ቤት የሠሩት ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?" አልካዱም። ጓሮው ባሕር ዛፍ ሆኗል አሉ፤ አጠናው ቶሎ ይሸጣል፣ ብርም ያስፈልጋል። ቆርቆሮው ግን ሌሊት ብርዱ አያስቀምጥም። የቀርከሃው ቤት ከብቱንም እሳቱንም አንድ ላይ ይዞ ስለሚያድር ይሞቃል፤ ጢሱም ተባዩን ያባርራል።

እኔ በልጆቻቸው አልፈርድም። ቆርቆሮ የሠራ ሰው አገሩን አልካደም። ኮንትራክተሩ ግን ተሳስቷል። እሱ ጉድለት ብሎ የጠራውን ነገር ሠሪዎቹ አስቀድመው አስበውበት ነው የሠሩት። ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የቀርከሃ ደን ያላት አገር ናት የኛ፣ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት። ስለ ፋብሪካና ስለ ማሽን እናወራለን፣ ጥሩ ነው። ግን ለጋውን ጨፍጭፈን በነቀዝ ካስበላን በኋላ "ቀርከሃ አይረባም" ማለት ያናድደኛል። የሙያ ማሠልጠኛዎቹ ጋሼን የመሰለ ሰው በደሞዝ ቀጥረው ተማሪውን ጫካ ይላኩት፣ በጣቱ እያንኳኳ የበሰለውን ይለይ። ጋሼ ሰባዎቹን አልፈዋል፣ የልጅ ልጆቻቸውም አንዱንም ቀርከሃ አንኳኩተው አያውቁም።