«ሙሉ ስኮላርሺፕ» ከመጀመሩ በፊት

መጋቢት ሊያልቅ ሲል የአሜሪካ ኮሌጆች መልስ መላክ ይጀምራሉ። ያን ሰሞን ፌስቡክና ቴሌግራም «እንኳን ደስ ያለሽ» በሚል መልእክት ይጥለቀለቃሉ። የልጅቷ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የኮሌጁ ስም፣ ከዚያ ሦስት መቶ ወይም አራት መቶ ሺህ ዶላር የሚል ቁጥር ይከተላል። የአራት ዓመቱ ተደምሮ ስለሆነ ቁጥሩ ዓይን ይሞላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አይለጥፈውም። ሴቪስ የሚባለውን የአሜሪካ የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ 350 ዶላር ማን ይከፍላል? የቪዛውን 185 ዶላርስ? ትኬቱንስ? ነገሩን ከውጭም ከአገር ቤትም ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ የትምህርቱን ክፍያ የሚችል ኮሌጅ አይጠፋም፤ ድሃውን ልጅ በር ላይ የሚያስቀረው ከስኮላርሺፑ በፊት የሚጠየቀው ጥቃቅን ገንዘብና የሚጠየቅበት ቀን ነው።

ሁለት ልጆች እናስብ። አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ናት፤ ወላጆቿ በዲቪ የገቡ፣ አባት ኡበር የሚነዳ፣ እናት የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ። ሌላዋ ደሴ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ። ሁለቱም ውጭ አገር መማር ይፈልጋሉ። የሲልቨር ስፕሪንጓ «ውጭ አገር» ምናልባት ስፔን ወይም ጋና ነው፣ ለአንድ ሴሚስተር። የደሴዋ ደግሞ አሜሪካ ወይም አውሮፓ።

ለመጀመሪያዋ አሜሪካ ያዘጋጀችው መንገድ አለ። በኒው ዮርኩ የቀድሞ የምክር ቤት አባል በቤንጃሚን ጊልማን ስም የሚጠራው የጊልማን ስኮላርሺፕ በፈረንጆቹ 2000 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሴሚስተር ውጭ አገር መማር የባለጸጋ ልጆች ወግ ሆኖ እንዳይቀር፣ ፔል ግራንት የተባለውን የመንግሥት የድሃ ተማሪዎች እርዳታ ለሚያገኙ ተማሪዎች እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። እንደ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ ወይም ሩስኛ ያለ ተፈላጊ ቋንቋ ለሚማር እስከ 3,000 ይጨመራል። ማመልከቻው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘጋል፤ አንዱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ ሌላው በማርች።

እኛ ሰፈር ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን እዚሁ ላይ ነው። ፔል ለግሪን ካርድ ባለቤትም ይሰጣል፤ ጊልማን ግን ለዜጋ ብቻ ነው። አሜሪካ ከገባች አምስት ዓመት ያልሞላት የዲቪ ልጅ ፔል እያገኘች «እኔም እችላለሁ» ብላ ሁለት ሳምንት ጽሑፍ ስትጽፍ ከርማ የመጀመሪያው መስፈርት ላይ ትቀራለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ማየት ያለባት ፈንድ ፎር ኤጁኬሽን አብሮድን የመሰሉ፣ ግሪን ካርድ ላላቸውም በራቸውን የከፈቱ ድርጅቶችን ነው። ሌላም ሒሳብ አለባት። በግሪን ካርድ ወጥቶ ከስድስት ወር በላይ መቆየት የዜግነቱን የአምስት ዓመት ቆጠራ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ዓመት ሊሞላ ከሆነ ደግሞ ከመውጣቷ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለባት። ለአንድ ሴሚስተር ችግር የለውም፤ «ዓመቱን በሙሉ ልሁን» የምትል ግን ቀን ትቁጠር።

ዜጋዋም ብትሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አይደለም። ማመልከቻው የራሷን ጽሑፍ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የውጭ አገር ትምህርት አማካሪውና የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሺያል ኤይድ) ቢሮው ሁለቱም በሲስተሙ ገብተው ማረጋገጥ አለባቸው። አንዱ እረፍት ላይ ከሆነ ማመልከቻው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ለሁለቱም ከወር በፊት መንገር ይሻላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይኸው ነው፦ ፔሉ ራሱ አብሯት ይጓዛል። ፕሮግራሙን ኮሌጇ ካጸደቀውና ክሬዲቱን ከተቀበለ የፌዴራል እርዳታዋ ለዚያ ሴሚስተር ይውላል። የኤይድ ቢሮውም ትኬቱንና ቪዛውን ጨምሮ የወጪ ግምቷን እንዲያሻሽል በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለች። እሱ ራሱ ተነስቶ አያደርገውም፤ መጠየቅ አለበት። በሳመር፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ለመሄድ ያሰበችም የዓመት ፔሏን ብትጨርስ እንኳ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ሆና ከተመዘገበች ተጨማሪ ልታገኝ ትችላለች። ጠቅላላው እስከ መቶ ሃምሳ በመቶ ይደርሳል።

ጽሑፉን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። ሐበሻ ልጅ ሲጽፍ ወይ ከመጠን በላይ ትሑት ይሆናል ወይ የወላጆቹን ስደት ይተርክና ያቆማል። ጊልማን ተመላሹ ተማሪ ለሰፈሩ የሚሠራውን የአገልግሎት ሥራ ይጠይቃል። «ስመለስ ስለ ባህሉ ለጓደኞቼ እነግራለሁ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ያዛጋል። በዚያ ፈንታ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት፣ ለየትኞቹ ተማሪዎች፣ በስንት ክፍለ ጊዜ ምን እንደምታሳይ መጻፍ አለባት። የቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ውስጥ የምታስተምር ልጅ ይህ ሐሳብ እጇ ላይ ነው፤ ማመልከቻ ላይ የማትጽፈው ሥራ መሆኑ ስለማይታያት ነው።

ወደ ደሴዋ እንምጣ። እዚህ ጥቃቅኑ ገንዘብ ጥቃቅን አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ድሃ ከሆነች ሳት የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በነጻ ትፈተናለች፣ በዚያው ነጻነት የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያም ይቀርላታል። ደሴ ያለችው ከእሷ በብዙ እጥፍ ብትደኸይም ያ ነጻነት የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ላሉና ለአሜሪካ ዜጎች ስለሆነ አይመለከታትም። በ2024/25 የሳት ክፍያ 68 ዶላር ሆኖ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን 43 ይጨመርበት ነበር። ብዙ ኮሌጆች ሳትን አማራጭ አድርገውታል፤ ስለዚህ ለማትችል ልጅ የመጀመሪያው ምክር «አትፈተኚ» ነው። የማመልከቻ ክፍያውንም ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ በኮመን አፕ ላይ «አልችልም» ብሎ መሙላት ይቻላል፤ ውጭ አገር ለሚኖርም ኮሌጁ ሊቀበለው ይችላል። ካልተቀበለ ለመግቢያ ቢሮው አጭር ኢሜይል መጻፍ ነው። ወላጅ ገቢው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደሚያሳድግ፣ በሁለት መስመር። ልመና አይደለም፤ እንዲህ ያለ ኢሜይል በየቀኑ ይደርሳቸዋል።

እንግሊዝኛው ደግሞ አለ። ቶፍል ውድ ስለሆነ አብዛኛው ልጅ ወደ ዱኦሊንጎ ፈተና ዞሯል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ከቤት ይፈተኑታል፣ ውጤቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ችግሩ «ከቤት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ፈተናው አንድ ሰዓት ያህል የተረጋጋ ኢንተርኔት፣ ካሜራ፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት መብራት ከሄደ ወይም ዓይኗ ከስክሪኑ ደጋግሞ ከወጣ ውጤቱ ላይጸድቅ ይችላል። በሞባይል ዳታ ለሚፈተን ሰው የሚሻለው ማለዳ፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ስልኩ ላይ የሚመጣ ጥሪ ተዘግቶ ነው። ሆቴል ሎቢ ውስጥ መፈተን አይሆንም፤ ከኋላዋ የሚያልፍ አስተናጋጅ ይበቃል።

ሰነዶቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሳይታይ ቀርቶ ብዙ የሚያበላሸው እዚህ ነው። አንዱ ስም ነው። ጸሐይ የምትባል ልጅ ትራንስክሪፕቷ ላይ ስሟ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ፓስፖርቷ ላይ በኤስ ብቻ፤ የአያቷ ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። አሜሪካ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አያት ይገባል ወይስ አባት? መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው። ስለዚህ ፓስፖርቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። መደበኛው ፓስፖርት ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ አስቸኳዩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሚያዝያ ላይ ቅበላው ሲመጣ ለማውጣት የሚጠብቅ ልጅ የአስቸኳዩን ዋጋ ሊከፍል ነው።

ሌላው ዓመተ ምሕረት ነው። ትራንስክሪፕቱ «1999 የተወለደች» ብሎ ዓ.ም. ሳይጨምር ሲሄድ አሜሪካዊው መዝጋቢ የራሱን 1999 ያነባል። ልጅቷ በአንድ ጊዜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ታረጃለች፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሃያ ስድስት ዓመቷ ይሆናል። መዝጋቢው አይጠይቅም፣ ይጠረጥራል። ርእሰ መምህሩ በትራንስክሪፕቱ ግርጌ «ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ማኅተም ቢያደርግበት ነገሩ ያልቃል። አብሮም ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣች፣ የመመዘኛውም መጠን ከመቶ እንደሆነ ይጻፍ። ብሔራዊ ፈተናው ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ መጠቀስም አለበት። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። ይህን የማያውቅ አሜሪካዊ 62 በመቶ ሲያይ ደካማ ተማሪ ይመስለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወጥመድ «ግማሽ ስኮላርሺፕ» ነው። ኮሌጁ በዓመት 25,000 ዶላር ሰጥቷታል እንበል፤ ጠቅላላ ወጪው ግን 60,000 ነው። ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ኮሌጁ ግን የቀረውን 35,000 የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ካላየ አይ-20 የተባለውን ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ ሰነድ አይሰጥም። አይ-20 ከሌለ ቪዛ የለም። በዚህ የተነሳ የድሃ ልጅ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለባቸው የተቸገረውን በሙሉ የሚሸፍኑ ኮሌጆች ናቸው። የውጭ ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን የማያዩት ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከቀደሙት ውስጥ ናቸው፣ ዳርትማውዝና ቦውዶን በኋላ ተጨመሩ። ሌሎቹ ብዙዎቹ አቅምን ያያሉ፤ ግን አንዴ ከተቀበሉ የሚሸፍኑም አሉ። ስሙ ያልታወቀ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉውን ሲሰጥ ስሙ የገነነው ምንም ላይሰጥ ይችላል። ይህን የሚነግራት ሰው ማጣቷ ከገንዘቡ በላይ ይጎዳታል።

አይ-20 ከመጣ በኋላ ነው የሴቪስ 350 እና ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረው የቪዛ 185 የሚመጡት። ድምሩ 535 ዶላር። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ከመንሳፈፉ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ገደማ ሳለ ይህ 30,500 ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ 100 ሲገባ 53,500 ሆነ፣ ከዚያም አልቆመም። ሴቪስን ልጅቷ ራሷ መክፈል አይጠበቅባትም፤ ቁጥሯንና የልደት ቀኗን በትክክል የያዘ ማንኛውም ሰው በካርድ ሊከፍልላት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ዱባይ ወይም ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ደረሰኙ በተማሪዋ ስም መውጣቱን ማየት ነው። ቪዛው ከተከለከለ 185ቱ አይመለስም። ሴቪሱ ግን ለዚያው ዓይነት ቪዛ እስከ 12 ወር ድረስ ያገለግላል፤ ይህን ሳያውቁ ሁለተኛ የሚከፍሉ አሉ።

አውሮፓ ይሻላል የሚል ሰው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የሆነውን የኤራስሙስ ሙንዱስን ደብዳቤ በጥንቃቄ ያንብብ። በቀድሞው አሠራር ለጉዞና ለማረፊያ የተለየ ገንዘብ ነበረው። አሁን ሁሉም በወር 1,400 ዩሮ ውስጥ ተጠቃልሏል። በቂ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚገባው እዚያ ደርሳ የባንክ ሒሳብ ስትከፍት ነው። ትኬቱ፣ ቪዛውና የቤት ኪራይ መያዣው ግን ከዚያ በፊት ይፈለጋሉ። በየከተማው ያሉ ማኅበሮቻችን በራት ግብዣ ገንዘብ ሰብስበው የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ለመሸፈን ሲታገሉ ይታያሉ። በዚያው ገንዘብ ለአሥር ልጆች ትኬትና ሴቪስ ማበደር ይቻል ነበር፤ የኤራስሙስ ልጅ ደግሞ በሦስት ወር ትመልሰዋለች። ግን ብድር ፎቶ አይነሳም።

አሜሪካ የገባችው ልጅ ደግሞ ከወራት በኋላ አንድ ያልጠበቀችው ነገር ያገኛታል። በስኮላርሺፑ ውስጥ ለመኝታና ለምግብ የተሰጣት ክፍል እንደ ገቢ ይቆጠራል። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ላይ ያለ ተማሪ ከዚያ ላይ 14 በመቶ ይያዝበታል፣ ኢትዮጵያም ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት የሚያስቀርላት ነገር የለም። መኝታና ምግቡ 18,000 ከሆነ 2,520 ዶላር ይያዛል፤ ከስኮላርሺፑ ላይ መቀነስ ካልተቻለ በተማሪ ሒሳቧ ላይ እንደ ዕዳ ይመጣል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ዜጋ በ2024 የግብር ዓመት ከገቢዋ 14,600 ዶላር ሊነሳላት ይችል ነበር፤ ለደሴዋ ያ የለም። የዓመቱን የግብር ቅጽ ከሞላች ግን ሌላ ገቢ ባይኖራት ግብሩ በዚያው ዓመት ተመን 1,928 ዶላር ብቻ ስለሚሆን 592ቱ ይመለስላታል። ቅጹ 1040 ኤንአር ይባላል፤ አገር ውስጥ ነዋሪ የሚሞላው 1040 አይደለም፣ ቱርቦታክስ የተባለው የግብር ሶፍትዌርም አይሠራውም። ኮሌጁ ለውጭ ተማሪዎች የገዛው ሶፍትዌር ካለ በነጻ ይሰጣታል። የካቲት ላይ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳ ትጠይቅ።