ከብቱ ይሄዳል፣ ጤና ጣቢያው ቆሟል

ተከራካሪዎቻችን አንድ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያና አንዲት ነርስ ናቸው። ሁለቱም የባሕር ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም አፋር ውስጥ ሠርተዋል። ጥያቄያችን፦ የአርብቶ አደሩ መድኃኒት አዋቂ ሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ጋር ይሥራ?

ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
ይሥራ እንጂ! የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። በዚህ መሃል ዝናብ ይቀራል፣ መንደሩ ተነስቶ ይሄዳል። መድኃኒት አዋቂውም አብሮ ይሄዳል፤ ሰው የሚያምነውም እሱን ነው። በእውቀት ደረጃም አትናቁት። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ እኛም የጣና ልጆች በሽታውን አናጣውም። የእንዶድ ምርምር የተጀመረው ከወንዝ ዳር ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ሴቶቹ እኮ ልብስ ነበር የሚያጥቡት! ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶዱ መሆኑን ያረጋገጠው ምርምር ነው።

እብድ ውሻ የነከሰውን ልጅ ያስቡ። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ክትባት ይጀመራል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቅጠል ሲጠጣ የሚባክነው ጊዜ ነው ልጁን የሚገድለው። ደግሞ የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። ጤነኛ ውሻ የነከሰው ልጅ ምንም ሳይሆን ሲቀር ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ዝናው የሚገነባው እንዲህ ነው። የበረሃ ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ፤ እዚሁ ጣና ዳርም ቅጠል ፍለጋ የሚሮጥ አለ።

ባለሙያው፦
ክትባቱስ የት አለ፣ ልጄ? ቀኑን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ «አልቋል» የተባለ አባት ቅጠሉን ቢይዝ ትፈርጅበታለሽ? እኔ የምለው፣ መድኃኒት አዋቂው ውሻ የነከሰውን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ እናሠልጥነው ነው።

ነርሷ፦
መላኩን ማን ጠላ? ሰርተፍኬት የያዘ ቀን ግን «መንግሥት ፈቅዶልኛል» ብሎ እንጥል መቁረጡንም፣ በጋለ ብረት መተኮሱንም ይቀጥላል። መፍትሔው ያለው በእርስዎው ሙያ ነው። ቻድ ውስጥ ከብት ሊከትቡ የወጡ ቡድኖች ሕፃናትንና እናቶችንም አብረው ከትበዋል። ለከብቱ ሲባል አርብቶ አደሩ ከያለበት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ባለሙያው፦
አውቃለሁ፤ ሐሳቡንም ወድጄዋለሁ። ግን መድኃኒት አዋቂውን ገለል አድርጋችሁ ከትቡ እስቲ። ከብቱ ይመጣላችኋል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መውጣታቸውን ግን እጠራጠራለሁ።